ጉግል ቀናችንን እንዳይስት፦ ስኪማ ለአማርኛ ድረ ገጽ የሚጠቅመው የት ላይ ነው?

ጉግል ላይ የምግብ አሠራር ስትፈልጉ የሚመጣውን ውጤት ልብ ብላችሁ እዩ። አንዳንዱ ርዕስና ሁለት መስመር ጽሑፍ ብቻ ነው። ሌላው ግን ፎቶ አለው፣ ለመሥራት ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ ይናገራል፣ ኮከብም ተደርድሮለታል። ዓይን ቀድሞ የሚያርፈው ሁለተኛው ላይ ነው። ልዩነቱን ያመጣው የጽሑፉ ጥራት ላይሆን ይችላል። ከገጹ ጀርባ አንባቢ የማያየው ኮድ አለ። ሙሉ ስሙ ስትራክቸርድ ዳታ ነው። ድረ ገጽ የሚሠሩ ልጆች ግን በአጭሩ ስኪማ ይሉታል።

ሥራው ቀላል ነው። ጓዳ ውስጥ በርበሬና ሚጥሚጣ በሁለት ተመሳሳይ ብልቃጥ ቢቀመጡ የቤቱ ሰው በሽታቸው ይለያቸዋል። ለእንግዳ ግን ብልቃጡ ላይ ስማቸው ቢጻፍ ይሻላል። ጉግል እንግዳ ነው። ገጻችሁ ላይ ያለው 1200 የሚል ቁጥር ዋጋ ይሁን፣ የቤት ቁጥር ይሁን፣ የተመልካች ብዛት ይሁን ይገምታል እንጂ አያውቅም። ስኪማ «ይህ ዋጋ ነው፣ ገንዘቡም የኢትዮጵያ ብር ነው» ብሎ ቁርጡን ይነግረዋል።

ነገሩ የቆየ ነው። ጉግል እንዲህ ባለ ኮድ የታገዘ ውጤት ማሳየት የጀመረው በ2009 እ.ኤ.አ. ነው። በጁን 2011 ጉግል፣ የማይክሮሶፍቱ ቢንግና ያሁ ተስማምተው ስኪማ ዶት ኦርግ የሚባለውን የጋራ መዝገበ ቃላት አወጡ። የሩሲያው ያንዴክስም በዚያው ዓመት ተቀላቀላቸው። ተፎካካሪዎች በዚህ መስማማታቸው ትልቅ ነገር ነበር። አንዴ የጻፋችሁት ኮድ ለሁሉም ያገለግላል። አጻጻፉ ሦስት ዓይነት ሲሆን ጉግል ዛሬ የሚመክረው ጄሰን ኤልዲ የሚባለውን ነው። ከገጹ ጽሑፍ ጋር ሳይደባለቅ ለብቻው ስለሚቀመጥ ለመጻፍም ለማረምም ይቀላል።

ደረጃ ያሳድጋል ወይ?

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይታለላል። «ስኪማ ካስገባንላችሁ ጉግል ላይ አንደኛ ትወጣላችሁ» የሚል አገልግሎት ሻጭ ሞልቷል። እውነት አይደለም። ጉግል ራሱ ደጋግሞ እንደተናገረው የኮዱ መኖር ብቻውን ገጽን ወደ ላይ አይገፋም። ጥቅሙ ሌላ ነው። ጉግል ገጹ ስለምን እንደሚናገር በትክክል እንዲረዳ ያግዘዋል። ባላችሁበት ደረጃ ላይ ሆናችሁም የተሻለ መልክ ይዛችሁ የመታየት ዕድል ይሰጣችኋል። ዕድል ነው ያልኩት። ኮዱ ያለ እንከን ቢጻፍ እንኳ ጉግል ላያሳየው ይችላል።

መልኩ ግን ዋጋ አለው። ጉግል በራሱ መመሪያ ላይ የሚጠቅሳቸው ምሳሌዎች አሉ። የፊልም ግምገማ ድረ ገጹ የሮተን ቶማቶስ ኮዱ የገባባቸው ገጾች ከሌሎቹ 25 በመቶ የበለጠ የመነካት መጠን (ውጤቱን ካዩት ሰዎች ስንቱ እንደተጫኑት) አግኝተዋል። ኔስሌ ደግሞ በተሻለ መልክ በሚታዩት ገጾቹ ላይ የ82 በመቶ ብልጫ ለክቷል። እነዚህ ጉግል ሰው ለማሳመን የመረጣቸው ትልልቅ ድርጅቶች ናቸው። ቁጥሩን እንዳለ ወደ ሰፈራችን ሱቅ ማምጣት አይቻልም። አቅጣጫው ግን ግልጽ ነው።

ችግሩ፣ ጉግል የሰጠውን መልሶ ይወስዳል። በሴፕቴምበር 2019 ድርጅቶች በራሳቸው ገጽ ላይ ለራሳቸው የሚሰጡትን ኮከብ ማሳየት አቆመ። በኦገስት 2023 በጥያቄና መልስ መልክ የሚዘረጋውን ውጤት ለታወቁ የመንግሥትና የጤና ድረ ገጾች ብቻ ወሰነው። «እንዴት ይሠራል» የሚባለውን ዓይነትም ብዙ ሳይቆይ ጨርሶ አነሳው። በኖቬምበር 2024 ውጤቱ ሥር ትታይ የነበረችው የድረ ገጽ መፈለጊያ ሳጥን ሄደች። በጁን 2025 ደግሞ ሰባት ዓይነቶችን በአንዴ እንደሚያነሳ አሳወቀ፤ የደመወዝ ግምት፣ የሚሸጡ መኪኖች ዝርዝርና የተነገረ ነገር እውነትነት ማጣሪያ ምልክት ይገኙባቸዋል።

የጥያቄና መልሱ ነገር በተለይ ያሳዝናል። የፍለጋ ውጤቱ ላይ ሰፊ ቦታ ስለሚይዝ፣ በየገጹ ሥር ማንም ያልጠየቀው ጥያቄ እየተጻፈ መልስ ይደረደርለት ነበር። ለዚህ ብቻ ገንዘብ የከፈለ ድርጅት አለ። ከዚያ ገበያው በአንድ ማስታወቂያ ተዘጋ። ለዚህ ነው ኮከብና ሳጥን እያሳደዳችሁ ገንዘባችሁን አትጨርሱ የምለው። ጌጡ ይመጣል፣ ይሄዳል። የማይነቃነቀው መሠረታዊው መረጃ ነው፦ ቀን፣ ሰዓት፣ ዋጋ፣ ቦታ፣ ስም። አማርኛ ድረ ገጽ ያለን ሰዎች ደግሞ ከማንም በላይ የምንቸገረው በእነዚሁ ነው። የዓለም ማሽኖች የተሠሩት በሌላ አቆጣጠር፣ በሌላ ሰዓት፣ በሌላ አድራሻና በሌላ የስም ሥርዓት ነው። ክፍተቱን የምንሞላበት ንጹሕ መንገድ ይህ ኮድ ነው።

ጥር 9 ለማሽን መቼ ነው?

አንድ የሙዚቃ ዝግጅት ገጽ እንውሰድ። ገጹ «ቅዳሜ ጥር 9 ቀን 2018 ዓ.ም. ከምሽቱ 1 ሰዓት» ይላል እንበል። ለእኛ ምንም ግርታ የለውም፤ ጥምቀት ሁለት ቀን ሲቀረው ማለት ነው። ለማሽን ግን ሦስት ወጥመድ አለው። 2018ን እንደ ፈረንጅ ዓመት ከወሰደው ዝግጅቱ ካለፈ ስምንት ዓመት ሆኖታል። ያለፈ ዝግጅትን ደግሞ ለማንም አያሳይም። ጥርን ጃንዋሪ ብሎ ቀኑን እንዳለ ካስቀመጠ በስምንት ቀን ይስታል። 1 ሰዓትን እንዳለ ከወሰደ ሰዉን የሚጠራው ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ ነው።

ኮዱ ውስጥ መግባት ያለበት ቀን 2026-01-17 ነው። ሰዓቱ 19:00፣ የሰዓት ልዩነቱ ደግሞ +03:00። አጻጻፉ ዓለም አቀፍ ደረጃ ወጥቶለታል፤ ዓመት ይቀድማል፣ ወር ይከተላል፣ ቀን መጨረሻ ነው። የእኛን አቆጣጠር የሚቀበል ቦታ የለውም። አስራ ሦስተኛ ወር ቢሰጡት ስህተት ነው ብሎ ይመልሰዋል። ስለዚህ ገጹ ላይ ለሰው በእኛ አቆጣጠር ጻፉ፣ ኮዱ ውስጥ ለማሽን በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ጻፉ። ገጹ ላይ ሁለቱንም ጎን ለጎን ብታስቀምጡ ደግሞ የበለጠ ጥሩ ነው። ጉግል ኮዱ የሚለውና ገጹ ላይ የሚታየው እንዲስማሙ ይፈልጋል። ሲያትል ወይም ዱባይ ያለው አንባቢም ማስላት ይቀርለታል።

ከዓመቱ ላይ ስምንት እየደመሩ መጻፍ አያዋጣም። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 21 ወይም 22 ድረስ ልዩነቱ ሰባት ዓመት ነው፤ ፈረንጆቹ ዓመት ሲለውጡ ስምንት ይሆናል። መስከረም 1ም ሁልጊዜ ሴፕቴምበር 11 ላይ አይውልም። በየአራት ዓመቱ ጳጉሜን ስድስት ቀን ሲኖራት አዲሱ ዓመት ወደ ሴፕቴምበር 12 ይሸጋገራል፣ የአንድ ቀን ሽግሽጉም እስከ ፌብሩዋሪ ማለቂያ ይዘልቃል። በ2016 ዓ.ም. ጥምቀት የዋለው ጃንዋሪ 20 ላይ የነበረው ለዚህ ነው። ይህን የማያውቅ የቀን መቀየሪያ ፕሮግራም ሦስት ዓመት በሰላም ሠርቶ በአራተኛው ይሳሳታል። ያኔ ደግሞ ማንም ልብ አይለውም።

የዜና ድረ ገጾች ላይ ጉዳቱ ይከፋል። ብዙዎቹ ዎርድፕሬስ በሚባለው የድረ ገጽ መሥሪያ የተሠሩ ናቸው። ቀኑን ወደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር የሚቀይር ፕለጊን (ተጨማሪ ፕሮግራም) ይጨምራሉ፣ ደግ አደረጉ። ፕለጊኑ ግን ገጹ ላይ የሚታየውን ቀን ብቻ መለወጥ አለበት። ዮስት ወይም ራንክ ማዝ የሚባሉት የኤስኢኦ (የፍለጋ ውጤት ማሻሻያ) ፕለጊኖች ከጀርባ የሚያወጡትን የስኪማ ቀን ጭምር ከነካ፣ ዛሬ ጠዋት የወጣ ዜና ለማሽን የሰባት ወይም የስምንት ዓመት አሮጌ ሆኖ ይቀርባል። ማጣራቱ ከባድ አይደለም። ብሮውዘሩ ላይ የገጹን ምንጭ ኮድ ክፈቱና ጽሑፉ የታተመበትን ቀን ፈልጉ። በእኛ ዓመት ተጽፎ ካገኛችሁት ፕለጊኑን ለሠራላችሁ ሰው ዛሬውኑ ደውሉ።

የሥራ ማስታወቂያም ያው ነው። ማመልከቻ የሚያበቃበትን ቀን የሚቀበል ቦታ ስኪማው ውስጥ አለ። ቀኑ በእኛ ዓመት ከገባ ማስታወቂያው ሳይወለድ ያረጃል። ጊዜው ያለፈበት ማስታወቂያም መነሳት አለበት፤ ጉግል ይህን አጥብቆ ይጠይቃል። ሥራ ፈላጊን ለሞላ ቦታ ማስሮጥ ነውር ስለሆነ ጉግል ባይጠይቅም መደረግ ነበረበት።

ውጭ ሀገር ላሉት ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ዋሽንግተን አካባቢ የሚኖር ሐበሻ በአማርኛ «ከምሽቱ 7 ሰዓት» ብሎ ሲጽፍ ብዙ ጊዜ የአሜሪካንን ሰዓት ማለቱ ነው፣ ማለትም 19:00። አዲስ አበባ ያለ ሰው ግን ከምሽቱ 1 ሰዓት ይለዋል። በኢንተርኔት የሚተላለፍ ስብሰባ ወይም ትምህርት ሲሆን ሁለቱም ያነቡታል። በኮዱ ውስጥ የሰዓት ልዩነቱ ከተጻፈ ማሽኑ አይሳሳትም። ዋሽንግተን በክረምት ከግሪንዊች አምስት ሰዓት፣ በበጋ አራት ሰዓት ወደ ኋላ ነው። ክረምትና በጋ የምለው የእነሱን ነው። ኢትዮጵያ ዓመቱን ሙሉ ሦስት ሰዓት ትቀድማለች።

የመክፈቻ ሰዓትም በዚሁ ይበላሻል። ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ ማታ 4 ሰዓት የሚሠራ ምግብ ቤት ኮዱ ውስጥ ከ07:00 እስከ 22:00 ተብሎ ነው የሚገባው። አንዱንና አራቱን እንዳለ ከጻፋችሁት ሰው ሁሉ ተኝቶ እያለ የሚከፈት ቤት አላችሁ ማለት ነው። ለተወሰነ ጊዜ የሚለወጥ ሰዓትንም ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ብሎ ማስገባት ይቻላል። በዐቢይ ጾም የሚዘጋ ልኳንዳ ቤት ይህን ቢጠቀምበት ደንበኛው በከንቱ አይመላለስም። ፋሲካ ግን በየዓመቱ ቀኑ ስለሚቀያየር አምና የገባውን ማደስ ግድ ነው።

ዋጋ፣ ቦታ፣ ስም

ዋጋን በተመለከተ የእኛ ገበያ ትልቁ ችግር «ለዋጋው ይደውሉ» እና «ኢንቦክስ ያድርጉ» ነው። ዋጋው ገጹ ላይ ከሌለ ኮዱ ውስጥ ማስገባት አይፈቀድም። ዋጋው የማይታይ ዕቃም በጉግል ውጤት ላይ ከነዋጋው አይወጣም። የነጋዴው ስጋት ይገባኛል። የብር ምንዛሪ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋ በየጊዜው ይቀያየራል፤ የተጻፈ ዋጋ ነገ እዳ ይሆናል። መፍትሔው ዋጋውን አንድ ቦታ ብቻ ማስቀመጥ ነው። ገጹ ላይ የሚታየውም፣ ኮዱ ውስጥ የሚገባውም ከአንድ ዳታቤዝ ይምጣ። አንዱን በእጅ ቀይሮ ሌላውን የረሳ ሰው፣ ጉግል ላይ በአሮጌ ዋጋ ደንበኛ ጠርቶ ሱቅ ውስጥ ይጣላል። ቁጥሩን ብቻውን ጻፉ፤ ብር የሚለው በሌላ ቦታ፣ ባለ ሦስት ፊደሉ ዓለም አቀፍ የገንዘብ ምልክት ሆኖ ይገባል።

አድራሻ ላይ ስኪማው የመንገድ ስም፣ ከተማ፣ ክልል፣ የፖስታ ኮድ ብሎ ይጠይቃል። እኛ አድራሻ የምንናገረው «ከቦሌ መድኃኔዓለም ወረድ ብሎ» እያልን ነው። ክፍለ ከተማውንና ወረዳውን፣ ፎቁንም ጭምር በመንገድ ስም ቦታ ላይ ጻፉ። የፖስታ ሳጥን ቁጥር የራሱ ቦታ አለው። የሌላችሁን ነገር ፈጥራችሁ አትሙሉ፣ ባዶ ይቅር። ከሁሉ በላይ የሚያድናችሁ የካርታ ነጥቡ ነው። ኬክሮስና ኬንትሮሱን ከነጥብ በኋላ ቢያንስ አምስት አሃዝ አድርጋችሁ ስጡ፤ ጉግል የሚጠይቀውም ይህንኑ ነው። አምስት አሃዝ በር ላይ ያደርሳል፣ ሁለት አሃዝ ግን ሰፈሩን ብቻ ነው የሚነግረው።

ስም ላይ ሁለት ነገር ልበል። ጸሐፊ የሚለው ቦታ ላይ ስም ብቻ ይገባል። «ዶ/ር»፣ «ጋዜጠኛ»፣ «በ» የሚሉትን ጉግል እዚያ እንዳይቀላቀሉ ይመክራል፤ ማዕረግ የራሱ ቦታ አለው። የቤተሰብ ስም የሚባለውንም ለመሙላት አትጨነቁ። የአባት ስም የቤተሰብ ስም ስላልሆነ ሙሉ ስሙን በአንድ መስመር መጻፍ ይበቃል። ድርጅት ከሆነ ደግሞ ሌላ መጠሪያ የሚለውን ቦታ ተጠቀሙበት። ሰው «ፀሐይ» ብሎም «ጸሀይ» ብሎም ይጽፋል፣ በላቲን ፊደል ሲሆን ደግሞ የባሰ ይለያያል። ዋና ዋናዎቹን አጻጻፎች እዚያ ዘርዝሩ።

አሁን ወደ ኮዱ ልግባ፣ ምክንያቱም ብዙ ልፋት የሚባክነው በጥቃቅን ምልክት ነው። ጄሰን ኤልዲ የአማርኛ ጽሑፍ ያለ ምንም ችግር ይቀበላል። የማይቀበለው የአማርኛ ሥርዓተ ነጥብን ነው፣ መለያያ ሆኖ ሲገባ። ኪቦርዳችሁ አማርኛ ላይ እያለ ሁለት መስመሮችን በ«፣» ከለያችሁ ጉግል ያንን ቁራጭ ኮድ ሙሉ በሙሉ ይጥለዋል። የሚፈለገው የእንግሊዝኛው ኮማ ነው። ከወርድ ላይ የተገለበጠ ጥምዝ የጥቅስ ምልክትም እንዲሁ ያበላሻል። ዋጋ ወይም ቀን በግዕዝ ቁጥር ከተጻፈም ማሽኑ አያነበውም። ገጹ ለዓይን ምንም ስለማይለወጥ ስህተቱ ለወራት ተደብቆ ሊኖር ይችላል። ስለዚህ ከለጠፋችሁ በኋላ ሪች ሪዘልትስ ቴስት በሚባለው የጉግል ነፃ መሣሪያ አስፈትሹት። እሱ የሚነግራችሁ ጉግል የሚያሳያቸውን ዓይነቶች ብቻ ነው። ለቀረው የስኪማ ዶት ኦርግ የራሱ መፈተሻ አለ። ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ችግር ሰርች ኮንሶል የሚባለው የጉግል የድረ ገጽ መከታተያ ይነግራችኋል።

ሁለት የኤስኢኦ ፕለጊን አብራችሁ አታስኪዱ። ሁለቱም ስኪማ ያወጣሉ፣ አንዱ አንድ ስም ሌላው ሌላ ስም ይናገራል። እንዲህ ያለ ገጽ ብዙ አለ።

ስለ ማጭበርበርም በግልጽ እንነጋገር። ገጹ ላይ የሌለ አስተያየት፣ ማንም ያልሰጠው 4.9 ኮከብ፣ የሌለ የሥራ ቦታ ኮዱ ውስጥ የሚያስገቡ አሉ። የጉግል ሰዎች ሲደርሱበት በእጃቸው ቅጣት ይጥላሉ። ገጹ በዚያ መልክ የመታየት መብቱን ያጣል፣ ማስታወቂያውም ሰርች ኮንሶል ላይ ይደርሳል። ከቅጣቱ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ግን እምነት ነው። ኦንላይን ግብይት ገና ሥር እየሰደደ ባለበት ገበያ፣ በውሸት ኮከብ የተታለለ ሰው ሁለተኛ በኢንተርኔት አይገዛም። ጉዳቱ ለሁሉም ሻጭ ይደርሳል።

ሰሞኑን ደግሞ «ለኤአይ የሚሆን ስኪማ» እየተባለ የሚሸጥ አገልግሎት አለ። ጉግል በኤአይ በሚሰጣቸው መልሶች ውስጥ ለመካተት የተለየ ስኪማ እንደማያስፈልግ በመመሪያው ጽፏል። ያለው ኮድ ገጹ ላይ ከሚታየው ጋር እንዲስማማ ብቻ ነው የሚጠይቀው። ለዚህ ብላችሁ ተጨማሪ ገንዘብ አትክፈሉ።

ድረ ገጽ የሌላችሁ፣ በቴሌግራምና በቲክቶክ የምትሸጡ ከሆነ ይህ ሁሉ ለጊዜው አይመለከታችሁም። ደንበኛን በአካል የምታገኙ ከሆነ በነፃ የሚከፈተውን የጉግል የንግድ ፕሮፋይል ሙሉ፤ ሰዓታችሁ፣ ስልካችሁና ቦታችሁ ካርታ ላይ ይወጣሉ። እዚያም የሰዓቱን ነገር አትርሱ።

ድረ ገጽ ያላችሁ ደግሞ ከቀን መቀየሪያው ጀምሩ። ለገንቢያችሁ እነዚህን አራት ቀኖች ስጡትና ውጤቱን እዩ። መስከረም 1 ቀን 2018 ዓ.ም. 2025-09-11 መሆን አለበት። ጥር 11 ቀን 2016 ዓ.ም. 2024-01-20። ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ዓ.ም. 2023-09-11። መስከረም 1 ቀን 2020 ዓ.ም. ደግሞ 2027-09-12። አንዱ እንኳ ከተሳሳተ የዝግጅትም፣ የዜናም፣ የሥራ ማስታወቂያም ስኪማ ከመጻፋችሁ በፊት መቀየሪያው ይታረም።